ወረቀት ያልያዘው

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ቤቶች የሚኖሩ ወንድምና እህት ነበሩ። ወንድምየው አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት መርካቶ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ በዋጋ ክርክር የሚረታው ሰው አልተገኘም። እህትየው ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ ዝምተኛ ናት፤ ገበያ ብትወጣ የተጠራላትን ከፍላ የምትመለስ።

አንድ የሰኔ ምሽት ታብሌት የያዘ ወጣት ሻጭ የሁለቱንም በር አንኳኳ። በሰፈሩ ሌባ በዝቷል አለ። የበርና የመስኮቱ ሴንሰር፣ ካሜራው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው መቆጣጠሪያ ሁሉ በነፃ ነው አለ። በዚያው ምሽት የቤት ጥበቃ ክትትል ውል ፈረሙ፤ በወር 58 ዶላር፣ ለ36 ወር። ቤት ድረስ መጥተው ለሚሸጡት እንዲህ ያለ ነገር፣ የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ሐሳብን የመለወጥ መብት ይሰጣል። እነሱ ይህን የሰሙት ቀኑ ካለፈ ወዲያ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ይኼኛው ግን ሲሮጡ ታጥቀውት የማይፈታ ሆኖ ተገኘ።

ዓመት ከሁለት ወር አለፈ። ኑሮው እየከበደ ሲሄድ ሁለቱም ወጪ ሊቀንሱ ተነሡ። ውሉን ማፍረስ የሚታሰብ አልነበረም። ገና 22 ወር ይቀራል፤ ውሉም ቀድሞ ያቋረጠ ሰው የቀሪውን ወራት ሒሳብ ሙሉ ይክፈል ይላል፤ በሚከፍሉት 58 ዶላር ሲያሰሉት 1,276 ዶላር መጣ። "በነፃ" የተባለው ዕቃ ዋጋው በየወሩ ክፍያ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚሰበሰብ ኩባንያው ደንበኛውን በዋዛ አይለቅም።

ወንድምየው ስልኩን አነሳ። "ሌላ ኩባንያ በግማሽ ዋጋ ና ብሎኛል!" እያለ ድምፁን ከፍ አደረገ። ሊሄድ ያኮረፈ ደንበኛ ወደሚባበልበት ክፍል አሻገሩት። እዚያ ያለችው ሠራተኛ ጥቂት አለሳልሳ 38 ዶላር አለችው። ወዲያው ስልኩ ላይ ሊንክ ደረሰው። ጽሑፉን በአውራ ጣቱ ወደ ታች ገፋ ገፋ አድርጎ "እስማማለሁ" የሚለውን ነካና መንገዱን ተሻግሮ እህቱ በር ላይ ቆመ።

"ሃያ ዶላር አስቀነስኳቸው! አንቺም ደውዪ። ጠንከር ብለሽ ተናገሪ እንጂ እንዳትለማመጪ።"

"ጎበዝ ጋሼ። ቀኑስ?"

"የምን ቀን?"

"ውሉ የሚያልቅበት።"

"እሱን ምን አመጣው? የተነጋገርነው ስለ ዋጋ ነው። የፈረምኩትም ነገር የለ።"

እህትየው በማግስቱ የወሩን ቢልና ውሉን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ በእርሳስ አንድ በአንድ አመሳከረች። ቢሉ ሦስት መስመር አለው፤ የክትትል 40፣ የካሜራ ምስል ማስቀመጫ 10፣ የጥገና ዋስትና 8። በውሉ ለ36 ወር የታሰረው ክትትሉ ብቻ ነው፤ ሴንሰሩ ሲጮህ በክትትል ማዕከሉ ያለ ሠራተኛ ወደ ቤት ደውሎ፣ መልስ ካጣ ለፖሊስ የሚያሳውቅበት አገልግሎት። ሌሎቹ ሁለቱ በተፈለገ ጊዜ የሚቀሩ ተጨማሪዎች ናቸው። የተቀመጠውን የካሜራ ምስል ደግሞ ከተተከለ ጀምሮ አንድም ቀን ከፍታ አላየችውም።

ደውላ ሁለቱ እንዲቋረጡላት ጠየቀች።

"ከዚያ የሚሻል አለኝ፤ ሁሉም እንዳለ ሆኖ በ38 ላድርግልዎት?" አላት ስልኩን ያነሳው ልጅ።

"የውሉ ማለቂያ ቀን ይነካል?"

የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ። "አዎ፣ ከዛሬ ጀምሮ አዲስ 36 ወር ይሆናል።"

"እንግዲያው ይቅርብኝ። ሁለቱን ብቻ አቋርጡልኝ። ማለቂያው ቀን እንዳልተነካም በኢሜይል ጻፉልኝ።"

ስልኩን ሳትዘጋ፣ ቤቷ ክትትል እንዳለው የሚመሰክር ሰርተፊኬት አስላከችና ለቤት ኢንሹራንሷ አስተላለፈች። ብዙ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለእንዲህ ያለ ቤት ቅናሽ ያደርጋሉ፤ ማስረጃውን ማቅረብ ግን የባለቤቱ ሥራ ነው። ቀጥሎ በውሉ የመጨረሻ ገጽ፣ ከማለቂያው 60 ቀን በፊት በጽሑፍ ያላስታወቀ ውሉ በራሱ ይታደስበታል የሚል አንቀጽ አገኘች። ያንን ቀን ስልኳ ላይ መዘገበች።

ከዚያ ወዲያ ወንድምየው 38፣ እህትየው 40 ይከፍሉ ጀመር። ቡና በተፈላ ቁጥር፣ "አንቺማ መርካቶ ብትወጪ የለበስሽውንም ገፍፈው ነበር የሚሰዱሽ" እያለ በሁለት ዶላሯ ያሾፍባት ነበር። እሷም ትስቃለች።

የቀረው 22 ወር ሞላ። እህትየው ማስታወቂያዋን በጊዜው በአደራ ደብዳቤ ልካ ስለነበር ውሉ አለቀ። ሴንሰሮቿ ከሌላ ጋር እንደሚሠሩ አስቀድማ አረጋግጣ፣ ውል የማያስፈርም ድርጅት ዘንድ በ20 ዶላር ገባች። በዚያው ሰሞን ወንድምየው ቤቱን ሸጦ ወደ ፍሬድሪክ ከተማ ሊዛወር ሆነ። ሲደውል ሁለት ምርጫ ሰጡት፤ አገልግሎቱን ወደ አዲሱ ቤት አዛውሮ እንደገና 36 ወር መፈረም፣ ወይም የቀሪውን 14 ወር 532 ዶላር መክፈል።

"እኔ አልፈረምኩም!" ብሎ ጮኸ። በአውራ ጣቱ የነካት "እስማማለሁ" ከነቀኗና ከነሰዓቷ ተላከችለት። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ፊርማ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ውድቅ አይሆንም ይላል። ከእህቱ በልጦ ያተረፈው በ22 ወር 44 ዶላር ነበር።

ምሳሌው ይህ ነው። ወንድምየው ሞኝ አልነበረም። መርካቶ ውስጥ ገንዘብ ተከፍሎ ጨርቁ ከተቆረጠ ገዢና ሻጭ ተለያዩ፤ ስለዚህ እዚያ ከዋጋ ሌላ የሚከራከሩበት ነገር የለም። ውል ውስጥ ግን ገንዘብም ጊዜም ለገበያ ይቀርባል። ኩባንያው በገንዘቡ ለቀቅ ያለው ጊዜውን ሊገዛ ነው፤ ወንድምየውም አንዱን በላብ ተከራክሮ ሌላውን ሳይጠየቅ ሰጠ። በክትትል ቢል ብቻ ሳይሆን በስልክ፣ በኢንተርኔት፣ በጂም ውልም የሚሆነው ይኸው ነው። ቅናሽ ሲቀርብልን ደስታው ሳይበርድ ቀኑን እንጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ እንቀበል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ አበው። እውነት ነው፤ ከያዘው ጋር ትግል መግጠም ትርፉ ድካም ነው። ያልያዘውን ግን፣ ባለቤቱ በገዛ ጣቱ ካላስያዘው በቀር፣ ወረቀት የሚይዝበት እጅ የለውም።