ስም የማን ነው?

ሰው ካለው ነገር ሁሉ ስሙን ያህል የራሱ የሚመስለው የለም። ነገር ግን ስሙን ራሱ አልመረጠውም፤ ከእርሱ ይልቅ ሌሎች ይጠሩበታል፤ ከሞተም በኋላ የሚቆየው በሌሎች አፍ ነው። ያገራችን ሰው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል። መልአኩ የሚያወጣው ግን የመጀመሪያውን ስም ይመስለኛል፤ ሁለተኛውን፣ ማለት የአባትን ስም፣ የሚጽፈው ጸሐፊ ነው። እኔም በመምህርነት በኖርሁበት ዘመን ሁሉ በየመስከረሙ የልጆችን ስም ከነአባታቸው በመዝገብ ስጽፍ ኖሬአለሁ። በዚሁ ሥራ ያጠፋሁት አንድ ጥፋት አለ። ጥፋት መሆኑም በደንብ የገባኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር ስላለ አንድ ብርቅ የቤተ ዘመድ ስም የተጻፈ ጥናት ሳነብ ነው። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ አስቀድሜ የዚያን ስም ታሪክ ልንገራችሁ፤ ወደ ራሴ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

በእኛ ልማድ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ የሚወርድ የቤተ ዘመድ ስም የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው እንዲህ ያለ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በልማዱ ጸና። በእንግሊዝ አገር ነገሩ ሌላ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1066 ኖርማኖች አገሩን ከያዙ በኋላ፣ አስቀድመው ባለ ርስቶቹ፣ እያደር ሌላውም ሰው ለልጅ ልጅ የሚወርድ ስም ይይዝ ጀመር፤ 1400 ገደማ ሲደርስ አብዛኛው ሰው ይህን ልማድ ይዞ ነበር። ስሙ የሚወጣው ከሥራ፣ ከአባት ስም፣ ከመልክና ከጠባይ ወይም ከመንደር ነበር። ብረት ቀጥቃጩ ስሚዝ ተባለ፤ የጆን ልጅ ጆንሰን ተባለ፤ በኖቲንግሃም አጠገብ ካለችው ከአተንቦሮ መንደር የወጣውም በመንደሪቱ ስም አተንቦሮ ተባለ። ከዚያ ወዲያ የስሚዝ ልጅ ዳቦ ጋጋሪ ቢሆን፣ የልጅ ልጁም ቄስ ቢሆን፣ ስሙ ስሚዝ ሆኖ ይቀራል።

ብረት ቀጥቃጭ የሌለበት አገር ስለሌለ ስሚዝ የሚለው ስም በሺህ ቦታ በሺህ ሰው ላይ ወጣ፤ ስለዚህ ሁለት ስሚዞች ቢገናኙ ዝምድና አላቸው ለማለት አይቻልም። ብርቅ ስም ግን ባንድ ምንጭ አጠገብ ብቻ እንደሚበቅል ተክል ነው። አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች ባንድ አጥቢያ ይዘውት ይነሣሉ፤ ልጆቻቸውም በዚያው ዙሪያ ያርሳሉ፣ ያገባሉ፣ ይቀበራሉ። በ1881 በእንግሊዝ አገር የተደረገውን የሕዝብ ቆጠራ ይዘው የስሞችን ካርታ የሚሥሉ ሰዎች እንዳሳዩት፣ ስሚዝን የመሰለው ስም አገሩን ሁሉ ሲሸፍን፣ ብርቁ ስም ብዙ ጊዜ ባንድ ግዛት፣ ያውም ባንድ ጥግ ተሰብስቦ ይገኛል። ባቡርና ፋብሪካ ሰዉን ወደ ከተማ ጠሩት፤ መርከብም ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራልያ ወሰደው፤ ይህም ሁሉ ሆኖ የስሙ አሮጌ ጎጆ የት እንደ ነበር እስከ ዛሬ ይታወቃል።

ብርቅ ስም ለምን ብርቅ ሆኖ ይቀራል? ብዙዎቹ ይሞታሉና ነው። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለው እንግሊዛዊ በ1873 የታላላቅ ሰዎች የቤተ ዘመድ ስም ለምን እየጠፋ እንደሚሄድ ጠየቀ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሄንሪ ዋትሰን ከሚባል የሒሳብ ሊቅ ጋር ሆኖ ነገሩን በስሌት አሳየ። ስሙን የሚያወርደው ወንድ ልጅ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ሴቶች ልጆችን ብቻ ቢወልድ ስሙ በእርሱ ደጅ ላይ ይዘጋል። ዘሩ አልጠፋም፤ ሴቶች ልጆቹ ወልደው ከብደው በሌላ ሰው ስም ይኖራሉ። እንግዲህ ስም ይሙት እንጂ ሰው አልሞተም፤ እኛ ግን ከሩቅ ሆነን «ያ ቤት ጠፋ» እንላለን።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ፣ ከእናት ሳይቀላቀል የሚወርድ፣ ሊቃውንት ዋይ ክሮሞዞም የሚሉት በደማችን ውስጥ ያለ ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር ስሙ በሚወርድበት መንገድ ይኸውም ይወርዳል፤ ስለዚህ ሁለቱን አስተያይቶ መመርመር ይቻላል። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ይህን ሲመረምሩ አንድ የሚያስደንቅ ሰው አገኙ። ሰውዬው መልኩም ትውልዱም እንግሊዛዊ ነው፤ ስሙም በሰሜን እንግሊዝ ባለው በዮርክሻየር ግዛት፣ ያውም በምሥራቁ በኩል፣ የሚገኝ ብርቅ ስም ነው። በደሙ ያገኙት ምልክት ግን ከዚያ በፊት በምዕራብ አውሮፓ በማንም ላይ ያልታየ፣ የአፍሪካ ብቻ ነው ተብሎ የሚታወቅ ነበር፤ ከአፍሪካም ወደ ምዕራቡ ክፍል የሚያደላ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ይኸንኑ ስም የያዙ 18 ወንዶችን ፈልገው መረመሩ፤ ሰባቱ ያው ምልክት ነበራቸው። የትውልድ ማስረጃ ሲመረመር ሰዎቹ በሁለት የዘር ሐረግ ተከፈሉ፤ የሁለቱም ሐረግ አባቶች በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በዮርክሻየር የኖሩ ናቸው። ወረቀቱ ከዚያ ወዲያ ባይመራቸውም፣ የደሙ ምርመራ ሁለቱ ሐረጎች ከዚያ ጥቂት ትውልድ ቀደም ብለው ባንድ አባት እንደሚገናኙ አመለከተ። ጥናቱ በ2007 ታትሞ ወጣ።

ያ አፍሪካዊ አባት እንዴት ዮርክሻየር ደረሰ? ይህን ማንም አልጻፈውም። ሮማውያን ብሪታንያን በገዙ ጊዜ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ወታደሮች በሰሜኑ ቅጥር ላይ ይጠብቁ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሴፕቲሚዮስ ሴቬሩስ ራሱ ዛሬ ሊቢያ በምትባለው አገር በሌፕቲስ ማግና ተወልዶ በ211 በዚያው በዮርክ ከተማ ሞተ። ወይም ነገሩ ወደ እኛ ዘመን የቀረበ፣ ሰው እንደ ዕቃ በመርከብ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ የሆነ ይሆናል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ማስረጃ ኖሮኝ ሳይሆን ያ ሰው ወይም ልጁ ባሪያ ተብሎ መጥቶ ባለ ስምና ባለ ቤት ሆኖ እንደ ቀረ ማሰብ ደስ ስለሚለኝ ነው። ደስ ማለት ማስረጃ እንዳይደለ ተማሪዎቼን ስገሥጽ የኖርሁ ሰው ነኝና ይህን ሐሳቤን አትቀበሉኝ።

አሁን አንድ ሰው ተነሥቶ «እንግዲህ ሰባቱ አፍሪካውያን ናቸው፣ አሥራ አንዱ ግን ጥሩዎቹ እንግሊዞች ናቸው» ቢል ምን እንመልስለታለን? ሌላውም «አይደለም፣ የስሙ እውነተኛ ባለቤቶች ሰባቱ ናቸው፣ አሥራ አንዱ በሰው ስም የሚኖሩ ናቸው» ቢልስ? ሁለቱም የዘር ቆጠራ ወዳጆች ናቸው፤ ሁለቱም ስሌቱን አልሠሩትም። እስኪ እርሳስ ይዛችሁ አስሉ። ሰው ሁለት ወላጆች አሉት፤ አራት አያቶች አሉት፤ እንዲህ እጥፍ እጥፉን ብትሄዱ ሐረጉ እርስ በርሱ ካልተገናኘ በቀር በአሥረኛው ትውልድ ላይ 1,024 ሰዎች ይቆማሉ። ያ የአፍሪካ ምልክት የመጣው ከእነዚህ ካንዱ ነው። የቀሩት 1,023 ማን እንደ ነበሩ ምልክቱ አንዳች አይናገርም። ሰባቱ ሰዎችም ምልክቱ በደማቸው መኖሩ ሳይታወቅ ኖረዋል፤ መስተዋትም ስምም አልነገራቸውም።

እኛም ብንሆን ከዚህ ስሌት አናመልጥም። በብዙ ያገራችን ቤት ልጅ አባቶቹን እስከ ሰባት ትውልድ እንዲቆጥር ይማራል፤ እኔም ልጅ ሳለሁ ሳልሳሳት በመቁጠሬ አያቴ ቆሎ ሰጥተውኛል። እስከ ሰባተኛው ትውልድ ያሉት ወላጆች ሲደመሩ ግን 254 ናቸው። እኔ ቆጠርሁ ብዬ የኮራሁት ሰባቱን ነው። ከ247ቱ ማንነታቸውን የማውቀው የእናቴንና የሦስቱን አያቶቼን ነው። ባንድ መስመር ላይ ባሉ ሰባት ሰዎች የተነሣ ጎረቤቱን የሚንቅ፣ ከዚያም አልፎ ጦር የሚያነሣበት ሰው አለ፤ ጎረቤቱ ከቀሩት ካንዱ የተወለደ እንደ ሆነ ግን በምን ያውቃል?

ስለ አሥራ አንዱ ደግሞ ልናገር። ስሙ ከጥንት ጀምሮ ከአንድ በላይ አባቶች ኖረውት ይሆናል። ወይም ባንድ ዘመን፣ አባቱ የሞተ ልጅ በእንጀራ አባቱ ስም ተጠርቶ ይሆናል፤ ወይም ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ እንደ አገሩ ልማድ የእናቱን ስም ይዞ ይሆናል፤ ወይም ዘመድ የሌለው ሕፃን ከአንድ ደግ ገበሬ ቤት ገብቶ ይሆናል። በ2009 እነዚሁ የሌስተር ሰዎች በ40 ስሞች የሚጠሩ 1,678 ወንዶችን መርምረው አንድ ሌላ ጥናት አሳተሙ። ስሙ ብርቅ በሆነ መጠን ያንድ አባት ልጅነት እየበዛ እንደሚሄድ አገኙ፤ ሆኖም ባንድ ስም ከሚጠሩት መካከል ካንድ አባት የመጡ ሆነው የተገኙት በአማካይ ከመቶ 62 ናቸው፤ ከፍተኛውም 87 ነው። ስሙን በምልኣት በደም ብቻ የያዘ ቤት ከ40ው አንድ አልተገኘም። እነዚያ የቀሩት ሰዎች ቤቱን በእሳት ጊዜ አላጠፉትምን? አባት ያሏቸውንስ ሽማግሌዎች አልቀበሩምን? ስሙንስ እስከ ዛሬ ድረስ ያደረሱት እነርሱም አይደሉምን?

ጥናቱን ያነበብሁት አንድ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረ ሰው አትሞ አምጥቶልኝ ነው። እዚህ ላይ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ። ትዝ ያለኝ አንድ ልጅ ነበር።

ገና ወጣት መምህር ሳለሁ ነው። የሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስለመደኝ ነገር ቢኖር ሐሰት አለመጻፍ ነው፤ በዚህም እኮራ ነበር። በመስከረም ስም ስመዘግብ አንድ ልጅ ስሙንና የአባቱን ስም ነገረኝ፤ ጻፍሁ። ከኋላ የተቀመጠ ሌላ ልጅ «ጋሼ፣ እሱ እኮ የእናቱ አባት ነው፤ አባቱ አይታወቅም» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም የጻፍሁትን ሰርዤ፣ በማግሥቱ እናቱን ይዞ እንዲመጣ አዘዝሁት። እናቱ መጣች፤ ነጠላዋን ተከናንባ በር ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«መምህር፣» አለችኝ፣ «ልጁን ያሳደገው አባቴ ነው። ወባ በያዘው ጊዜ በጀርባው አዝሎ ጤና ጣቢያ ያደረሰው እሱ ነው። ሌላ የምሰጥዎት ስም የለኝም።»

«እኅቴ፣ መዝገብ የሚፈልገው እውነቱን ነው» አልኋት።

እርሷም ዝም ብላ ሄደች። እኔም ከልጁ ስም ቀጥሎ ሰረዝ አሰመርሁ። ያን ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ስም ስጠራ ሌላውን ሁሉ ከነአባቱ፣ ያን ልጅ ግን ባንድ ስም ጠራሁት። «አቤት» የሚልበት ድምፅ እየቀነሰ ሄደ፤ በኋላ እጁን ብቻ ያነሣ ጀመር። በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሰም።

መዝገብ ሐሰት ይጻፍበት አልልም። ውርስ ሲካፈሉ፣ ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲሉ፣ ሐኪም ስለ ወላጆች በሽታ ሲጠይቅ፣ ማን ማንን እንደ ወለደ ማወቅ ግድ ይሆናል፤ ልጁም አድጎ የወለደውን ሰው ሊያውቅ ቢፈልግ መብቱ ነው። የክፍል መዝገብ ግን ይህን አይጠይቅም። የክፍል መዝገብ የሚጠይቀው ልጁ ሲታመም ማን ይጠራ፣ ሲያጠፋ ለማን ይነገር፣ ሲያልፍ ማን ደስ ይበለው ነው። ለዚህ ጥያቄ እናቲቱ እውነተኛውን መልስ ሰጥታኝ ነበር። ሐሰት የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ አባት ላለው ልጅ የለውም ብዬ አሰመርሁ። የሚገርመኝ ደግሞ የማቴዎስን ወንጌል የመጀመሪያ ምዕራፍ ልጅ ሳለሁ በቃሌ አጥንቼ ነበር፤ ያ ሁሉ የትውልድ ቁጥር የሚያደርሰው ወደ ዮሴፍ መሆኑን፣ ዮሴፍም አሳዳጊ መሆኑን አንድ ቀን ቆም ብዬ አላሰብሁም።

ጥናቱን ያመጣልኝን ሰው ስለዚያ ልጅ ጠየቅሁት፤ ካንድ መንደር ናቸው። ልጁ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ ባለ ወፍጮ ሆኖአል፤ ሦስት ልጆች ወልዶአል። ሽማግሌው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኖአቸዋል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ አያታቸው ተብሎ የተጻፈው የሽማግሌው ስም ነው፤ የጻፈውም መምህር ምንም አልጠየቀም። የእነርሱ ልጆች ሲመዘገቡ ግን፣ እኛ እንደ እንግሊዞቹ ስም አናቆይምና፣ ያ ስም ይወድቃል። በእኔ መዝገብ ላይ፣ ተቀድዶ ካልጠፋ፣ ሰረዙ በእጄ ጽሕፈት እንደ ተሰመረ ነው።