ሲስተም ፎቶ የለውም

ባንክ ቤት ደጃፍ ላይ በጣም የለመድነው ቃል «ሲስተም የለም» ነው። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተሳፍሮ የመጣ ገበሬ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ወረፋ ይዞ ይቺን ሲሰማ ማንን መቆጣት እንዳለበት አያውቅም። ሲስተም ስም የለው፣ ወንበር የለው፣ ፊርማ የለው። እኔ እንጀራዬን የምበላው ኮድ ጽፌ ስለሆነ ቃሉ ይከነክነኛል። ሲስተም ማለት ሰዎች ተቀምጠው የወሰኑት ነገር ነው። አንዱ ጽፎታል፣ ሌላው ፈትሾታል (ወይ አልፈተሸውም)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ኃላፊ «ይለቀቅ» ብሏል።

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ ላይ የሆነውን መቼም አትረሱትም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በስልክ በረረ፤ ተማሪው በሌሊት ኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ በኋላ እንደተናገሩት፣ በዚያች ሌሊት 490 ሺህ ገደማ ግብይት ተካሂዶ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ አላግባብ ወጥቷል። ባንኩ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ራሱ ሲያካሂደው የነበረው የሲስተም ማሻሻያ መሆኑን ገለጸ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሦስት አራተኛው በላይ ገንዘብ ተመለሰ። ከዚያ ባንኩ አልመለሱም ያላቸውን ከ500 በላይ ሰዎች ስም ይፋ አደረገ፤ የአንዳንዶቹም ፎቶ ቅርንጫፎች በር ላይ ተለጠፈ።

ተማሪዎቹን ንጹሕ ናቸው ልል አይደለም። ሒሳቡ ውስጥ ሁለት መቶ ብር እንዳለው እያወቀ ሃምሳ ሺህ የመዘዘ ልጅ ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2162 አላግባብ የበለጸገ ሰው እንዲመልስ ያዛል። ይመልስ፤ በዚህ አልከራከርም። የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው፦ አንድ ጥፋት ሁለት ባለቤት ሲኖረው አንደኛው «ሲስተም» ተብሎ ሲታለፍ፣ ሌላኛው ግን በፎቶው ይጠራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ሰጥቶታል። እነዚህ ልጆች ደግሞ ገና ዳኛ ፊት ሳይቆሙ ነው በር ላይ የተለጠፉት። ለጣፊውም ከሳሹ ራሱ ነው።

አንኮበር ያሉት አያቴ ይህን ሳጫውታቸው «ታዲያ ቁራኛው ማነው?» አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ቁራኛ በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው የሚታሰሩበት ነው። አንዳንዴ በሰንሰለት፣ አንዳንዴ የኩታቸውን ጫፍ ቋጥረው። ጭካኔ አለበት፣ ይመለስ የሚል ካለ ቀድሜ የምቃወመው እኔ ነኝ። ግን አስቡት፦ «ገንዘቤን በላኝ» ያለው ሰው ራሱም ታስሯል። ከተበዳሪው ጋር አቀበቱን ይወጣል፣ አብሮት ይርበዋል፣ አጠገቡ ይተኛል። ከሶ ቤቱ መተኛት የለም። ክሱ ለእሱም ዋጋ ስለነበረው ነገሩን ቶሎ ዳኛ ፊት ለማድረስ ይጣደፋል።

ዛሬ ቋንቋችን ውስጥ በብዛት የቀረው «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» ነው። ከሳሹ ሰንሰለቱን ከራሱ እጅ ፈትቶ ዓይኑን ብቻ አስቀረ ማለት ነው።

ይሄ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ዌልስ ፋርጎ የተባለው ባንክ ሠራተኞች፣ ከላይ የተጫነባቸውን የሽያጭ ኮታ ለመሙላት ደንበኛ ሳያውቅ በሚሊዮን የሚቆጠር አካውንት ከፈቱ። ጉዳዩ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲፈነዳ 5,300 ያህል ሠራተኞች እንደተባረሩ ታወቀ፤ ብዙዎቹ ተራ የቅርንጫፍ ሠራተኞች ነበሩ። ዘርፉን ትመራ የነበረችው ካሪ ቶልስቴት ጥፋተኝነቷን አምና በ2023 የተፈረደባት የሦስት ዓመት የአመክሮ ቅጣት ነው። እስር ቤት አልገባችም።

በእኛ ሙያ አንድ ነገር ሲበላሽ ቁጭ ብለን የምንጽፈው ሪፖርት አለ፤ ፖስትሞርተም እንለዋለን። ደንቡ ሰው ላይ ጣት አለመቀሰር ነው፤ የሚጠየቀው «ስህተቱን እንዲያልፍ ያደረገው ምንድነው?» ነው። ደንቡን እወደዋለሁ። አንድ ጁኒየር ልጅ የተሳሳተ መስመር ስለጻፈ ብቻ ባንክ መውደቅ የለበትም፤ ከወደቀ ችግሩ ከልጁ በላይ ነው። ታዲያ ይህ ምሕረት ለሲስተሙ ባለቤት ብቻ ለምን ይሠራል? ኤቲኤሙ ፊት የቆመው የሃያ ዓመት ልጅም ስህተቱን ያሳለፈለት ነገር አለ፦ በሌለው ገንዘብ ላይ «እሺ» ያለ ማሽን።

ቢያንስ የማሻሻያው ሪፖርት በዚያው በር ላይ፣ ከፎቶዎቹ ጎን ይለጠፍ ነበር። ምን ተቀየረ፣ ማን ፈተሸው፣ በየትኛው ሰዓት ታወቀ፣ ለመዝጋት ለምን ሰዓታት ፈጀ። የልጁን ፊት አይቶ የሚያልፍ ሰው ያንንም አንብቦ ይለፍ። ብሩ ሲመለስ ወረቀቱ ከበሩ ላይ ይላጣል፤ ስልክ ለስልክ የዞረው ፎቶ ግን ልጁ ተመርቆ ሥራ ሲያመለክት ቀጣሪው እጅ ላይ ይጠብቀዋል።