ልናገር ወይስ ሆድ ይፍጀው?



እሁድ እሁድ ቡና ላይ ስንሰበሰብ ብዙ ጊዜ የሚነሳ፣ ግን ሳይቋጭ የምንለያይበት አንድ ጥያቄ አለ። አብራን የምትሠራ ልጅ፣ የአገራችንም ትሁን የሌላ አገር፣ ሰው ሊጎዳ የሚችል ነገር ስታደርግ ብናይ ለማዳም እንናገር ወይስ ዝም እንበል? አንዳንዶቻችን «እንዴት ዝም ይባላል!» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «የአገሬን ልጅ አሳልፌ አልሰጥም» እንላለን። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ለዚህ ነው ጥያቄው የሚከብደው።

በመጀመሪያ ዝም የሚሉትን እንረዳቸው። ሌላ ቦታ ቢሆን፣ ለምሳሌ ፋብሪካ ውስጥ፣ ለአለቃ ብትናገሪ ጓደኛሽ ማስጠንቀቂያ ይጻፍባታል፣ ቢከፋ ከሥራ ትባረራለች፤ ማታ ግን ቤቷ ገብታ ታድራለች። እዚህ ግን ማዳም አሠሪ ብቻ አይደለችም። የምንተኛው እሷ ቤት ነው፣ መኖሪያ ፈቃዳችን በእሷ ወይም በባሏ ስም የታሰረ ነው፣ ፓስፖርታችንም ብዙ ጊዜ በእሷ መሳቢያ ውስጥ ነው። የ1946ቱ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓታል። ስለዚህ አንዲት ቃል ከአፋችን ብትወጣ ያቺ ልጅ ደሞዟ ሊቀር፣ ልትመታ፣ ወደ ቢሮ ልትመለስ፣ ፖሊስ ሊጠራባት ይችላል። ጥፋቷ የአንድ ክንድ ቢሆን ቅጣቷ የአንድ ኪሎ ሜትር ነው። «ዝም አይነቅዝም» የምንለው ፈሪ ስለሆንን ብቻ አይደለም። ዝምታችን ብዙ እህቶችን አድኗል።

አሁን አንድ ነገር እናስብ። ራብዬ ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ሁለት ሐበሾች አሉ እንበል። ትንሿ ምግብና ጽዳት ትሠራለች፣ ትልቋ የስምንት ወር ሕፃን ትይዛለች። ትንሿ «እትዬ» ነው የምትላት። አረብኛውን ያስተማረቻት፣ ስታለቅስ ያባበለቻት እሷ ናት። አንድ ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ እትዬ ከመድኃኒት ሳጥኑ የሚያስተኛ የጉንፋን ሽሮፕ አውጥታ ስትሰጠው ታያለች። በማግስቱም እንደዚያው። እትዬ ክፉ ሆና አይደለም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምራ ቆማ ነው የዋለችው፣ ሌሊቱንም ስትነሳ ነው የምታድረው፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ግን እንዲህ ያለ ሽሮፕ የሕፃን ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል፣ ሕፃን ሊገድልም ይችላል። ትንሿ ምን ታድርግ?

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አደጋው በማን ላይ ነው የሚወድቀው ብዬ ነው።

አንዷ እህት መስኮት ስትወለውል ከባልኮኑ ውጭ ብትቆም አደጋው በራሷ ላይ ነው። በፎቅ ቀልድ የለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከጥር 2007 እስከ ነሐሴ 2008 አጋማሽ ድረስ በሊባኖስ ቢያንስ 95 የቤት ሠራተኞች መሞታቸውን መዝግቦ ነበር። ከእነዚህ 24ቱ ከፎቅ ወድቀው ነው፣ ብዙዎቹም ለማምለጥ ሲሞክሩ። ለዚህች ልጅ የሚጠቅማት ለማዳም መናገራችን አይደለም፤ ውጪ ቆመሽ ጥረጊ ያለቻት ማዳም ራሷ ልትሆን ትችላለችና። የሚጠቅማት እጇን ይዞ ማስገባት፣ ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያ መፈለግ፣ አብሮ «እምቢ» ማለት ነው።

ሌላዋ ክሎሮክስን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ብትደባልቅ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አሞንያ ካለው ማጽጃ ጋር ብትደባልቅም መርዝ ነው። ይሄ ራሷንም አጠገቧ ያለውንም ይጎዳል። ግን ባለማወቅ የሚሠራ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ቢነግሯት ይበቃል። መስኮቱን ክፈቺ፣ ውጪ፣ ሁለተኛ አትደባልቂ፤ አለቀ።

የሕፃኑ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። እሱ መሸሽ አይችልም፣ እምቢ አይልም፣ ማታ የሆነውን ጠዋት ለእናቱ አይናገርም። ያየችው ትንሿ ብቻ ናት። እሷ ዝም ካለች በዚያ ቤት ስለ እሱ የሚናገር አፍ የለም።

«የእነሱ ልጅ አይደለ! እነሱ እኛን መቼ እንደ ሰው አዩንና?» የምትል እህት ትኖራለች። ቁጣዋ ይገባኛል። ግን የካፋላን ሕግ ያወጣው ያ ሕፃን አይደለም፣ ፓስፖርት የቆለፈውም እሱ አይደለም። «የሐበሻ ስም ይጠፋል» የምትልም ትኖራለች። ስማችን ሕፃን ሞቶ ከሚጠበቅ ይጥፋ።

በ2017 በኩዌት የሆነውን ብዙዎቻችን በስልክ አይተነዋል። የአገራችን ልጅ ከፎቅ መስኮት ተንጠልጥላ «ያዢኝ» እያለች ስትጮህ አሠሪዋ እጇን ከመዘርጋት ይልቅ ቆማ ቀረጸቻት። ልጅቷ ወደቀች፣ ደግነቱ ነፍሷ ተረፈ፤ ሴትየዋም ተያዘች። ያኔ ሁላችንም «እንዴት ቆማ ታያለች!» ብለን ተቆጣን። ያ ቁጣችን ትክክል ነበር። ትክክል ከነበረ ደግሞ ለእኛም ይሠራል። እርግጥ ልዩነት አለ፦ ሴትየዋ የሚያስፈራት አልነበረም፣ ትንሿ ግን የምትፈራው ብዙ ነው። ፍርሃት ወቀሳውን ያቀልላል። የሕፃኑን ትንፋሽ ግን አይመልስም።

አባቶቻችንም ይህን ጥያቄ ያውቁታል። በድሮው አውጫጭኝ (አፈርሳታ የሚሉትም አሉ) ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ይቀመጥ ነበር። ጥፋተኛው ካልታወቀ ካሳው ለሁሉም ይደርሳል። የሚያውቅ ሰው ደግሞ ስሙ እንዳይወጣ «ወፍ ነገረችኝ» ተብሎ ይነገርለት ነበር። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገር አያለሁ። ዝምታ ዋጋ አለው፣ ዋጋውንም የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ተናጋሪም ጥበቃ ያስፈልገዋል። እኛ እዚህ ወፍ የለንም፣ ሽማግሌም የለንም። ስለዚህ በጥበብ መናገር አለብን።

እንዴት? እኔ የሚታየኝ ቅደም ተከተል ይህ ነው።

አንደኛ፣ ለራሷ መንገር፤ በዚያው ሌሊት፣ ለብቻዋ፣ በአክብሮት። «እትዬ፣ ይሄ ሽሮፕ ሕፃን ይገድላል። አምጪው፣ እኔ ልያዘው፣ አንቺ ሁለት ሰዓት ተኚ።» እርዳታ የሌለበት ተግሣጽ ባዶ ነው። የነገሩ ሥር ድካም ነውና። ሽሮፑንም ከአጠገቧ ማራቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ካልሰማች፣ የምታከብራት ትልቅ እህት በማግስቱ በስልክ እንድታናግራት ማድረግ። ሰው ከትንሽ የማይሰማውን ከትልቅ ይሰማል።

ሦስተኛ፣ ነገሩን እንጂ ሰውየዋን ሳይሆን መናገር። «ማዳም፣ ይህ መድኃኒት ለሕፃን አይሆንም አሉ፣ ቢቆለፍስ?» ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ አደጋውን ያቆመዋል፣ ማንም ሳይነካ።

አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ካላቆመች መናገር ነው፤ በስሟ። ግን መጀመሪያ ለራሷ «እናገራለሁ» ብለሽ ንገሪያት። ስትናገሪም ሙሉውን ተናገሪ። «ሽሮፕ ሰጠችው» ብሎ «ሌሊቱን ሙሉ አትተኛም» አለማለት ግማሽ ምስክርነት ነው። ጥፋቷን ለመናገር የደፈረ አፍ ድካሟንም ለመናገር ይድፈር።

አንድ ጊዜ ግን ቅደም ተከተል የለም። ሕፃኑ ከዛለ፣ አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከተዛባ ወዲያውኑ ወደ ቀይ መስቀል 140 ይደወል፣ ጠርሙሱም ለሐኪሙ ይታይ፣ ምን ያህል እንደተሰጠውም ይነገር። ያን ሰዓት መደበቅ ታማኝነት አይደለም።

የራሳችንን ልብ የምንፈትሽበትም አንድ ጥያቄ አለ፦ «አደጋው ዛሬ ቢቆም ይበቃኛል ወይ?» የሚበቃሽ ከሆነ መናገርሽ ለሕፃኑ ነው። አደጋው ቆሞም መናገር ካማረሽ፣ ማዳም እንድትወድሽ ወይም የድሮ ቂም ለመወጣት ከሆነ፣ ስሙ ነገር ማመላለስ ነው፣ ተዪው።

በዚህ ሁሉ ጥንቃቄም እትዬ ልትባረር ትችላለች። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ያኔ የተናገረችው ልጅ ልቧ ይከብዳል፤ ሊከብዳትም ይገባል። የእኛ የቀረነው ሥራ እትዬን «ሕፃን ልትገድል» እያልን በወሬ መግደል ሳይሆን፣ የምታድርበትን መፈለግ፣ ደሞዟን እንድታስከፍል መርዳት፣ ሻንጣዋን መሸከም ነው። ትንሿንም «ጆሮ ጠቢ» እያልን ከቡናው አናርቃት። ሁለቱም እህቶቻችን ናቸው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በዚህ የማትስማሙ እህቶች ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን። መጻፍ የማይመቻችሁ በቃል ንገሩን፣ እንጽፍላችኋለን።

ደህና ሰንብቱ።