ሳተርን ያለ ቀለበቱ

ሳተርንን ከሌሎች ፕላኔቶች ጋር ላወዳድር የሚል ሰው ቀለበቱን ለጊዜው ቢረሳው ይሻላል። ዓይን እዚያ ላይ ከተተከለ ሌላውን አያይም። ደግሞስ ቀለበት የሳተርን ብቻ መቼ ሆነ? የዩራነስ እ.ኤ.አ. በ1977፣ የጁፒተር በ1979 ተገኝቷል፤ ኔፕቲዩንም የራሱ አለው። የእነርሱ ስስና ጠቆር ያለ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም። የሳተርን ግን አብዛኛው በረዶ ነውና የፀሐይን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል።

እንግዳው ነገር አካሉ ላይ ነው። በወገቡ ከዳር እስከ ዳር 120,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ጁፒተር በዚህ የሚበልጠው በአንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ወደ ክብደት ስንመጣ ግን አንድ ጁፒተር ከሦስት ሳተርን በላይ ይመዝናል። ሁለቱም በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ሆነው ሳለ ይህ ለምን ሆነ? ጥጥ በጥጥ ላይ ሲጫን የታችኛው እየተጠቀጠቀ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ግዙፍ የጋዝ አካልም ሲጨመርበት ከመስፋት ይልቅ ወደ ውስጥ ይታመቃል። ሳተርን ያን ያህል የሚያሳምቅ ክብደት የለውም። በአማካይ ሲሰላ አንድ ሊትሩ 700 ግራም እንኳ አይሞላም፤ የምድር 5.5 ኪሎ ግራም ነው። በሥርዓተ ፀሐያችን ከውሃ የሚቀል ፕላኔት እርሱ ብቻ ነው። «ባሕር ቢገኝለት ይንሳፈፍ ነበር» የሚባለው ጨዋታ ግን ብዙም አይጥመኝም፤ እምብርቱ አካባቢ ያለው ቁስ እጅግ የታመቀ መሆኑን ያስረሳል።

ለመሆኑ «ትልቅ» የምንለው በየትኛው መስፈሪያ ነው? ሳተርን 95 ምድሮችን ያህል ይመዝናል፤ በደመናው አናት ላይ ያለው ስበት ግን ከእኛው ብዙም አይለይም። አናቱ ከመሐሉ ስለሚርቅ ጉልበቱ እዚያ ሲደርስ ይሳሳል። የሚቆሙበት መሬት የለም እንጂ፣ ቢኖር ኖሮ እግራችን ለውጡን እምብዛም ባላወቀው ነበር። በአንዱ ሚዛን ግዙፍ የሆነው በሌላው የምድር እኩያ ነው።

ቀለበቱም በዚሁ ዓይን ሲታይ ሌላ ይሆናል። ወርዱ በመቶ ሺዎች ኪሎ ሜትር ቢቆጠርም ውፍረቱ በአብዛኛው ቦታ ከአሥር ሜትር አካባቢ አያልፍም፤ በ1612 ጋሊሌዮ ሊያየው ሲል የጠፋበትም ጠርዙ ወደ ምድር ስለዞረ ነበር። ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር በ2017 በፕላኔቱና በቀለበቱ መካከል ደጋግማ ስታልፍ የቀለበቱ ክብደት ተለካ፤ ሚማስ ከተባለችው ትንሽ ጨረቃ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ተመራማሪዎች፣ ይህን ያህል ቀላል ቀለበት ብዙ ቢቆይ ኖሮ አቧራ ባጠቆረው ነበር በማለት፣ ከጥቂት መቶ ሚሊዮን ዓመታት አይበልጥም ይላሉ፤ በአራት ቢሊዮን ተኩል ዓመቱ ፕላኔት ላይ ትናንት እንደ መጣ ማለት ነው። ሌሎች ደግሞ በረዶው አቧራ ስለማይዝ ወጣት መሰለ እንጂ ጥንታዊ ነው ብለው ይሟገታሉ። እኔ ወደ ፊተኞቹ አደላለሁ፤ ክርክሩ ግን ገና አልተዘጋም።