ሠራተኛ የምንላት፣ ሠራተኛ ያልተባለችው

አንዲት የአራዳ ወይዘሮ «ሠራተኛ ወጣችብኝ» ብላ ለጎረቤቷ ስታማርር፣ ጎረቤቲቱ «ከየትኛው ፋብሪካ?» ብላ አትጠይቃትም። ቃሉ ብቻውን ሲነገር ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሊጥ የምታቦካው፣ ልጅ የምታዝለው፣ ያመሸ ሰው ሲያንኳኳ ተነሥታ በር የምትከፍተው ልጅ ናት። ቀድሞ «ገረድ» ትባል ነበር። ያ ስም እያሳፈረን ሲመጣ «ሠራተኛ» አልናት፤ ደግ አደረግን። የሚገርመኝ ግን በዚሁ ቃል የሚጠራው ሕግ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ፣ እሷን አለማወቁ ነው።

አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ቁጥር 1156 ሆኖ እንደ አዲስ ሲወጣ በአሠሪዎች ላይ ቀላል የማይባል ግዴታ ጨመረ። የመጀመሪያው ዓመት ዕረፍት ከ14 የሥራ ቀን ወደ 16 ከፍ አለ። ለእናት ከወሊድ በፊት ካላት 30 ቀን ሌላ፣ ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን 90 ሆነላት። አባትም ሦስት ቀን ከነደመወዙ አገኘ። በእኔ አስተያየት የሚገባ ነገር ነው፤ እንዲያውም የአባትየው አንሷል።

አሁን አንዲት የካፌ አስተናጋጅ እናስብ። ፒያሳ፣ ከ2016ቱ ፈረሳ ከተረፉት ቤቶች በአንዱ ትሠራለች እንበል። ወለደች። ባለ ካፌው ቅር እያለውም ቢሆን የ120 ቀኗን ከፈለ። ቀኑ ሲያልቅ ትሪዋን ልታነሣ ትመለሳለች፤ ሕፃኑን ማን ይያዝላት? እናቷ አገር ቤት ናቸው፣ የቤት ኪራዩ አይጠብቅም። ስለዚህ ደላላ ዘንድ ትሄዳለች። ተያዥ ትጠይቃለች፣ በወሩ ሒሳብ ትከራከራለች፤ ከዚያም ገና ከገጠር የመጣች ልጅ ልብሷን በፌስታል ይዛ ትከተላታለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አስተናጋጇ ራሷ አሠሪ ናት። ካፌው ውስጥ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚል ወሰን አላት። ቤቷ ያለችው ልጅ ሥራ ግን ሕፃኑ ሲነቃ ይጀምራል፤ ሕፃኑ ተኝቶም ዕቃው ይታጠባል።

ይህ በመርሳት የሆነ አይደለም። የ1985ቱ አዋጅ ቁጥር 42፣ የ1996ቱ 377፣ በኋላም 1156፣ ሦስቱም «ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት» የሚሉትን ከአዋጁ ውጭ ካደረጉ በኋላ፣ ጉዳዩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስነዋል ብለው ያልፋሉ። ሃያ ስድስት ዓመት አንዱን ተስፋ እየገለበጡ መጻፍ! በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ አሠሪው ዘንድ ስለሚያድር ሰው ጤና አንዳንድ ነገር ብሎ ነበር፤ ከእኛ መካከል ማን አንብቦት ነው ሠራተኛ የቀጠረው?

እኔ የምጣላው «ለትርፍ ያልሆነ» ከሚለው ሐረግ ጋር ነው። ለመሆኑ ትርፍ የሌለው የቱ ጋ ነው? ያቺ ልጅ ሕፃኑን ካልያዘች አስተናጋጇ ካፌ አትገባም፤ አስተናጋጇ ካልገባች ማኪያቶው አይቀርብም። የካፌው ባለቤት ዓይቷት የማያውቃት ልጅ ከትርፉ በታች ቆማለች። ከዚያው ካፌ ተቀምጠን ስለ ሠራተኛ መብት የምንከራከረው እኛም የለበስነውን ሸሚዝ የተኮሰው ማን እንደሆነ እናውቃለን።

«እሷ እኮ እንደ ልጃችን ናት» የሚል መልስ አለ። እኔ ባደግሁበት የአራዳ ግቢም ይባል ነበር። ልጅ ግን ማድ ቤት አይተኛም፤ ሌላው በልቶ እስኪነሣ ቆሞ አይጠብቅም። የማታ ትምህርት እንድትማር መፍቀድም እንደ ትልቅ ቸርነት ይወራ ነበር። ቸርነት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ቸርነት ሰጪው በተቆጣ ማግሥት የሚነሣ ነገር ነው፤ መብት የምንለው የሰጪው ፊት ሲጠቁርም የሚቆየውን ነው።

የሚከብደው ሙግት ሌላ ነው። አስተናጋጇ ራሷ የምታገኘው ከኪራይ የማያልፍ ነው፤ በሕግ ልክ ክፈይ፣ በሳምንት አንድ ቀን አሳርፊ ብትባል ከየት ታመጣለች? ይህን ማቃለል አልፈልግም። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ሲጽፍ የራሷም ክፍያ ጉዳይ ገና እንዳላለቀ እየመሰከረላት ነው። ሆኖም ድህነቷ ዕዳውን ወደ ባለ ካፌው፣ ወደ መንግሥትም ይገፋው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም፤ ወደ ልጅቱ ሊገፋው ግን ምን ምክንያት አለ? ደግሞም የመኝታ ሰዓት፣ የእሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በሩን የሚቆለፍ መኝታ ማግኘት ሁሉም በብር የሚለካ አይደለም።

ልጅቱ ራሷ ብታረግዝስ? ያ 120 ቀን እሷ ዘንድ አይደርስም። የወሩ ሒሳቧ ተሰጥቷት በዚያው ፌስታል ልብሷን ሰብስባ ትወጣለች፤ ደላላውም በሳምንቱ ሌላ ልጅ ያመጣል።