ሃያው ደቂቃ መቼ ይጀምራል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደባርቅ ነበርኩ። ጉዳይ ኖሮኝ ከአንድ መሥሪያ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ከስሜን ተራሮች ግርጌ ሌሊት ተነሥተው የመጡ ገበሬ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ይጠብቃሉ። ፊት ለፊታችን ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል።

«ወንድሜ፣ ያ ጽሑፍ ምን ይላል?» አሉኝ።

«የመጡበት ጉዳይ በሃያ ደቂቃ ያልቃል ይላል፣ አባቴ።»

ዝም አሉ። ቆየት ብለው፣ «ለመሆኑ ሃያው ደቂቃ መቼ ነው የሚጀምር?» አሉ።

ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሳቄ አሳፈረኝ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ያ ሰሌዳ ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው ደባርቅ የደረሰው። የሐሳቡ አባት ማይክል ሐመር የተባለ አሜሪካዊ ነው። ሰውየው በሥልጠናው የሒሳብና የምሕንድስና ሰው፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ያረጀ አሠራርን በኮምፒውተር ከማፋጠን ከሥሩ ነቅሎ እንደ አዲስ መንደፍ ይሻላል ሲል ተከራከረ። አንዱ ምሳሌው ፎርድ ነበር፤ የፎርድ ሂሳብ ከፋይ ክፍል ከ500 በላይ ሠራተኞች ሲኖሩት፣ የጃፓኑ ማዝዳ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው በ5 ሰው ነበር። በ1993 ከጄምስ ቻምፒ ጋር የጻፈው መጽሐፍ ደግሞ ዓለምን አዳረሰ። እኛም ዘንድ፣ በእኛው አቆጣጠር በ1990ዎቹ ማብቂያ፣ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» ተባለና ቢፒአር ከሚኒስቴር እስከ ወረዳ ወረደ። «የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚለውን ሹመት የለመድነው ያኔ ነው።

መቼም እውነቱን መናገር ነው፤ ጥቅም አልነበረውም አልልም። ብዙ ፊርማ ይጠይቅ የነበረ ጉዳይ በአንድ መስኮት ሲያልቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገር ግን ሐመር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1996 ለአንድ ትልቅ ጋዜጣ በሰጠው ቃል፣ ነገሩን በመሐንዲስ ዓይን እንዳየውና ለሰው የሚገባውን ቦታ እንዳልሰጠ አምኗል። ልብ በሉ፤ ይህ ቢፒአር በየመሥሪያ ቤታችን ከመስፋፋቱ በርካታ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። መጽሐፉን አስመጣን፣ ጸጸቱን ወደብ ላይ ተውነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሞት እኛ ገና ወረቀት ላይ ሣጥን እየሣልን ነበር።

ታዲያ ሐሳብ ሲያጠፋ ጥፋቱ የማን ነው? ቢላዋ የሠራ ቀጥቃጭ በቢላዋው ስለተወጋው አይጠየቅም የሚሉ አሉ። ሐሳብ ግን ቢላዋ አይደለም፤ ሰውን እንዴት እንደምናይ አብሮ ያስተምራል። ስለዚህ አሳቢው ድርሻ አለው፤ ሐመርም ይህን የተረዳ ይመስለኛል። ትልቁ ድርሻ ግን የተቀባዩ ነው። አሳቢው ደባርቅን አያውቃትም፤ ዳባትን አያውቃትም። እኛ እናውቃቸዋለን።

«እኛ» ስል ራሴን ጨምሬ ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምርበት በነበረው ተቋም የጥናት ቡድን አባል ነበርኩ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ካታሎግ ሳይገልጡ የማንኛውንም መጽሐፍ መደርደሪያ የሚያውቁ አንድ ሠራተኛ ነበሩ። የትምህርት ማስረጃቸው ለምደባው አልበቃምና «ተንሳፋፊ» ተባሉ። ያን ባጸደቀው ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቻለሁ። ሰውየውን ግን «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

ጠዋት ክፍል ገብቼ ስለ ኤዲፐስ፣ ጥፋተኛውን ፈልጎ ፈልጎ ራሱን ስላገኘው ንጉሥ፣ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሣጥን እሥላለሁ። «የራስዋ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይባል የለ? ሐመር በጋዜጣ ፊት ያለውን እኔ ለእኚያ ሰው፣ በግል እንኳ፣ አላልኩም። ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሥራ ሂደት ባለቤቱ ከስብሰባ መጡ። የገበሬው ጉዳይ ማኅተም ብቻ ነበር፤ ሃያ ደቂቃም አልፈጀ። ሰሌዳው አልዋሸም ማለት ነው። ያልቆጠረው የሌሊቱን መንገድ፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ በጨለማ የሚመለሱበትን ዳገት ነው።

«ደግ ነው፣ ጨረሱልኝ፤ ይስጣቸው» አሉና ዱላቸውን አንሥተው ወጡ።

ቢያማርሩ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።