መብልና ጠባይ

የሀገራችን ቋንቋ ስለ ሰው ልብ በሚናገርበት ጊዜ አዘውትሮ ሆድን ይጠራል። ኀዘን የነካውን ሰው «ሆዱ ባባ» እንላለን፤ ታጋሹን «ሆደ ሰፊ»፥ ለእንባ የሚቸኵለውን «ሆደ ቡቡ» እንለዋለን፤ ለሰው የማይነገረውንም መከራ «ሆድ ይፍጀው» ብለን እናልፈዋለን። አባቶቻችን እንጀራ የሚገባበትንና ኀዘን የሚያድርበትን ስፍራ በአንድ ስም መጥራታቸው ቃል አጥሯቸው አይደለም። ሁለቱ በአንድ ቤት የሚኖሩ መሆናቸውን በኑሮ ስላዩ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አንሆንም።

ከዚህም ነገር አንድ ጥያቄ ይወለዳል። የተራበ ሰው ቢቈጣ፥ ሳይበላ የመጣ ልጅ ትምህርቱን ባይቀበል፥ ጦሙን ያደረ ሠራተኛ ሥራውን ቢያበላሽ፥ በደሉ የማን ነው? የጠባዩ ነውን ወይስ የመሶቡ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አባት በልጁ፥ መምህር በደቀ መዝሙሩ፥ አሠሪም በሠራተኛው ላይ በየቀኑ የሚፈርደው ፍርድ ሁሉ በዚህ መልስ ላይ የቆመ ነው።

በመጀመሪያ የሥጋን ሥራ እንመልከት። የሰው አንጎል ከመላው ሰውነት ክብደት 2 ከመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ሰውነት ዐርፎ ሳለ ከሚያወጣው ኀይል 20 ከመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ይህን ያህል እየበላም ለራሱ የሚበቃ ጎተራ የለውም፤ ደም በየሰዓቱ ከሚያመጣለት ስንቅ ይኖራል እንጂ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ባነሰ ጊዜ ሰውነት ከጉበት እየቀዳ አንጎልን ለማኖር ይታገላል፤ በዚያም ትግል አድሬናሊንን የመሰሉ ለጭንቅ ጊዜ የተሰጡ ቅመሞች ይበዛሉ። እነዚህም ሰው ጠላት ባየ ጊዜ የሚነሡ ናቸው። ስለዚህ ልብ ይመታል፥ እጅ ይንቀጠቀጣል፥ ሰውየውም ማንም ሳይነካው ለጠብ የተዘጋጀ ይሆናል።

ይህን ነገር በሚገባ የመረመሩ ሰዎች አሉ። በ1937 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት ሳያበቃ፥ በአሜሪካ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለው ሊቅ 36 ወጣቶችን ሰብስቦ ለ24 ሳምንት ምግባቸውን በግማሽ ያህል ቀነሰባቸው። እነዚህ ወጣቶች ግዳጅ ተይዘው የመጡ አልነበሩም። ሰው መግደልን ሕሊናቸው አልፈቅድ ብሎ መሣሪያ ለመያዝ እንቢ ያሉ፥ ነገር ግን በጦርነቱ የተራበውን ሕዝብ በሥጋቸው ለመርዳት በፈቃዳቸው የቀረቡ፥ ሐኪምም መርምሮ ጤነኞች ናቸው ያላቸው ነበሩ። ወራቱ ሲገፋ ግን ክብደታቸው በሩብ ያህል ቀነሰ፤ ጠባያቸውም ተለወጠ። ሰላም ወዳዶቹ ቍጡዎች ሆኑ፤ ባልንጀራ ይወዱ የነበሩት ብቸኝነትን መረጡ፤ ሣቅ ጠፋ፤ ወጭት ይልሱ፥ ስለ ወጥ አሠራር የተጻፈ መጽሐፍ እያገላበጡ ሌሊቱን ያሳልፉ ጀመር። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ወጣቶቹ ሐሳባችንን መሰብሰብ አቃተን እያሉ ሲያመለክቱ፥ የማስተዋል ችሎታቸው በፈተና ሲመዘን ግን አልቀነሰም ነበር። እንግዲህ ራብ ዕውቀትን አልወሰደባቸውም፤ ዕውቀታቸውን የሚሠሩበትን ፈቃድ ማረከባቸው እንጂ።

ሕሊናቸውን ለመጠበቅ የመንግሥትን ቍጣ የታገሡ ሰዎች የራብን ቍጣ መታገሥ ካቃታቸው፥ እኛ ጥጋበኞቹ በተራበ ሰው ላይ ለመፍረድ ምን ብርታት አለን? «ለጠገበ የተራበ አይመስለውም» የተባለው ተረት ለዚህ የተገባ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት «እንኪያስ ጾመኛው ሳይበላ እየዋለ እንዴት የዋህ ይሆናል?» ትል ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ጾምና ራብ ግን በሆድ ቢመሳሰሉም በልብ የተለያዩ ናቸው። ጾመኛው መከልከሉን ራሱ መርጧል፤ የሚፈታበትን ሰዓት ያውቃል፤ በዚያም ሰዓት ሽሮው፥ ምስሩ፥ ጎመኑ ይጠብቀዋል፤ ከእርሱም ጋር ጎረቤቱ ሁሉ ይጾማል። ራብ ግን የሚፈታበት ሰዓት የለውም፥ ማንም አልመረጠውም፥ የተራበውም በሚበሉ ሰዎች መካከል ብቻውን ነው። ይህም ሁሉ ሆኖ ጾመኛው ምላሱን እንዲጠብቅ ከጥንት ጀምሮ ይመከራል፤ መካሪዎቹ ባዶ ሆድ ለቍጣ ደጅ መሆኑን ያውቁ ነበርና።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አውጥተን በከተማችን ለማየት የሚወድ ሰው ወደ ምዕራብ አዲስ አበባ፥ በኮልፌ ቀራኒዮ ወዳለው ወደ ዘነበወርቅ ይሂድ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ልጅ፥ በ1925 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ካረፉት ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው። በስማቸው በተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል፥ በኋላም በ1958 ዓ.ም. በተመሠረተው በአለርት ምክንያት፥ ከየክፍለ ሀገሩ ብዙ ሕሙማን መጡ። ከነዚህም ብዙዎቹ ዘመድ ስለ ሸሻቸው ወደ ትውልድ አገራቸው ሳይመለሱ በዚያው ጎጆ ቀለሱ። አንዳንዱ በፈትልና በጥልፍ ኖረ፤ አንዳንዱም በልመና። ይህ በሽታ የእጅን ስሜት የሚያጠፋ ስለ ሆነ፥ ያለውን እህል እንኳ ለማብሰል የሚቃጣ ሰው ድስቱ ሲያቃጥለው አይታወቀውም፤ የሚያውቀው ቍስሉን ባየ ጊዜ ነው። እንደዚህ ያለውን ሰው መንገደኛው በበር ላይ አግኝቶ ቃሉ ሻካራ፥ ምስጋናው ጥቂት መስሎ ሲታየው «ምን ዐይነት ጠባይ ነው?» ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ምን እንደ ቀመሰ ግን አይጠይቀውም።

ከዚያው አጠገብ ቆሼ የሚባለው የከተማው ጥራጊ ሲጣልበት የኖረ ተራራ አለ። በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ይህ ተራራ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች አለቁ። ከጥራጊው ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ፥ የሚቀመስም ትርፍራፊ እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎች በዚያ ነበሩ። እንግዲህ ስለ መብል ምርጫ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳያስብ መጻፍ አይገባውም፤ ምርጫ የሚባለው ነገር ለሁሉ እኩል አልተሰጠምና።

ለሕፃናትም ነገሩ እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ሳሉ በራብ ይወድቁ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማብላት ሲጀምር፥ ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ምጽዋት ብቻ ተመለከተው። ነገር ግን ከዚህ ይበልጣል። የሚኔሶታው ምርመራ እንዳሳየን የተራበው ልጅ አእምሮ አልጠፋም፤ ታስሯል። ስለዚህ የጠዋቱ ቁራሽ ከደብተርና ከእርሳስ ጋር የሚቈጠር የትምህርት መሣሪያ ነው። «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» ብሎ የጻፈ መምህርም አስቀድሞ «በልተሃልን?» ብሎ ካልጠየቀ ፍርዱ ከግማሽ ምስክር ላይ የተሰጠ ነው።

እንግዲህ ለመምረጥ ጥቂት ዐቅም ስላለን ሰዎች እንናገር። ለእኛ መምረጥ ግዴታ ነው፤ ጠባያችንን የሚቀምሰው ባልንጀራችን ነውና። በስኳር የጣፈጠ ሻይ ከነጭ ዳቦ ጋር ቶሎ ያነቃል፥ ቶሎም ይከዳል፤ ጥቂት ቆሎ ወይም በሶ፥ ወይም ከትናንት የተረፈ የሽሮ ፍርፍር ግን ሰውን እስከ ምሳ ድረስ ይይዘዋል። ቡና ከጥንት ወዳጃችን ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ካፌይን ኀይል አይጨምርም፤ የድካምን መልእክተኛ ደጅ ላይ ያስቆመዋል እንጂ። ከጠጣነው እኩሌታው ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላ እንኳ በደም ውስጥ ስላለ፥ የማታው በረካ የሌሊቱን እንቅልፍ፥ የሌሊቱም እንቅልፍ ማጣት የነገውን ትዕግሥት ይወስዳል። ደግሞ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ በጤፍ፥ በምስርና በጎመን ያለው የብረት ማዕድን ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል፤ ብረት ያነሰውም ሰው ይደክማል፥ ሐሳቡም ይበተናል። ስለዚህ ሲኒውን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት፥ በጎመኑም ላይ ሎሚ መጭመቅ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ጨውም ትንሽ ነገር አይደለም። አዮዲን ያነሳት ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ የአእምሮ ጉዳቱ ዕድሜውን ሁሉ ሊከተለው ይችላል። ስለዚህም በ2003 ዓ.ም. ለመብል የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት በመንግሥት ደንብ ታዘዘ። ይህን ጨው በተከደነ ዕቃ ማኖርና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር በእናቶች እጅ ያለ ታላቅ ሥራ ነው፤ አዮዲን በአየርና በእሳት ይጠፋልና።

ነገር ግን መጠንን እንጠብቅ። ኀዘን ሁሉ ከመሶብ አይመጣም፤ ጥጋበኛ ጨካኝም እንደ ሞላ በየቀኑ እናያለን። በአውስትራልያ ተደርጎ በ2009 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ ምርመራ ብርቱ የመንፈስ ጭንቀት የያዛቸውን 67 ሰዎች ተመልክቶ ነበር። ለ12 ሳምንት መብላቸውን እንዲያሻሽሉ ከተረዱት ውስጥ ሲሦ ያህሉ ከጭንቀቱ ሲወጡ፥ በወዳጅነት ጭውውት ብቻ ከተረዱት ግን ከመቶ 8 ያህሉ ብቻ ወጡ። ይህ ተስፋ ይሰጣል፤ ሰዎቹ ጥቂቶች ስለ ሆኑ ግን ሁሉን ነገር አይወስንም፤ ከተረዱትም የሚበዙት እንዳልዳኑ ማስተዋል ይገባል። መብል የመድኃኒት ረዳት እንጂ የሐኪም ምትክ አይደለም። እንዲሁም የበላ ሰው ለክፋቱ ምክንያት እንዳያደርገው፥ ራብ የሚያቀለው የተራበውን ሰው በደል ብቻ መሆኑን እናስታውስ።

ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ከዛፍ በታች ወድቆ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ ስለ ተስፋ መቍረጡ አልዘለፈውም። አስቀድሞ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ እንዲተኛም ተወው፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከብዙ መንገድ በኋላ ነው። የጥያቄያችን መልስ በዚህ ሥርዐት ውስጥ ይገኛል፤ ማብላት ይቀድማል፥ ተግሣጽ ይከተላል።

ስለዚህ አባት ልጁን ከመቈጣቱ፥ አሠሪ ሠራተኛውን ከማሰናበቱ፥ በአለርት በር የሚያልፈውም በለማኙ ቃል ከመቀየሙ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «ዛሬ እህል ቀምሰሃልን?» መልሱ «አልቀመስሁም» ቢሆን ፍርዱን ያቈይ፥ መሶቡንም ይክፈት። የዚያን ሰው እውነተኛ ጠባይ የሚያየው ከበላ በኋላ ነው።